«የስፕሪንት ዕቅድ ይቅርብን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሶፍትዌር ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ሲነበብ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚደረገው የስፕሪንት (ቡድኑ ሥራውን የሚከፍልበት አጭር የሥራ ዙር) ዕቅድ ስብሰባ ከእንግዲህ እንዲቀር ይጠይቃል። ጸሐፊው ለብዙ ጊዜ ቡድን የመሩ ሰው መሆናቸው ከአገላለጻቸው ይታወቃል፤ የዘረዘሩት ችግርም በየመሥሪያ ቤቱ ያለ እንጂ ከራሳቸው የፈጠሩት አይደለም። ክርክራቸው ባጭሩ ስድስት ነጥቦች አሉት፦ ስብሰባው ጊዜ ይበላል፤ ሥራው በመሐል ስለሚለወጥ ዕቅዱ ከንቱ ነው፤ ዕቅዱ ሠራተኛው የሚገረፍበት አለንጋ ሆኗል፤ የሥራ መጠን የሚገመትበት ስቶሪ ፖይንት ሐሰተኛ ቁጥር ነው፤ በአገራችን ሁኔታ ለሁለት ሳምንት አስቀድሞ ማቀድ አይቻልም፤ በመጨረሻም ካንባን (ሥራን በዙር ሳይከፍሉ፣ በሰሌዳ ላይ በካርድ እያሳዩና በጅምር ያለውን እየገደቡ በተከታታይ የሚሠሩበት ዘዴ) እያለ ስፕሪንት አያስፈልግም። እኔ በአዲስ አበባ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መጀመሪያ በዴቨሎፐርነት፣ በኋላም በስክረም ማስተርነት፣ ማለትም ስክረም የተባለውን በስፕሪንት የሚሠራበትን ዘዴ ቡድኑ እንዲከተል በማገዝ፣ ሠርቻለሁ። ከስድስቱ ነጥቦች አንዱን ሙሉ በሙሉ፣ ሁለቱን ደግሞ በከፊል እቀበላለሁ። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበልም።

የማልቀበልበትን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስለ ቲኬት (ተመዝግቦ ለቡድኑ ስለሚቀርብ አንድ ሥራ)፣ ስለ ሰዓት፣ ስለ ነጥብና ስለ ስብሰባ ብዙ ተብሏል፤ «የስፕሪንት ግብ»፣ ማለትም ዙሩ የሚሠራበት ዓላማ፣ የሚለው ግን አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። ጸሐፊው የሚነቅፉት፣ ያደረ ቲኬት ለየሰው እየተቆጠረ የሚታደልበትን ስብሰባ ነው። ያ ስብሰባ ቢቀር እኔም አላዝንም። ነገር ግን ስሙን ተውሶ በስፕሪንት ዕቅድ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ዋናውን ከርሱ ጋር አብሮ መጣል ትክክል አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ነጥብ የጊዜ ነው። ጸሐፊው የሚያውቁት ቡድን በየስፕሪንቱ አንድ ሙሉ ቀን በዕቅድ ያሳልፍ እንደነበር ይናገራሉ። ኬን ሽዌበርና ጄፍ ሰዘርላንድ ያዘጋጁት የስክረም መመሪያ፣ የአንድ ወር ርዝመት ላለው ስፕሪንት እንኳ ከ8 ሰዓት በላይ ለዕቅድ እንዳይውል ይገድባል፤ ስፕሪንቱ ሲያጥር ስብሰባውም እንደዚያው ያጥራል። 8 ሰዓቱም ሊያልፉት የማይገባ ጣሪያ ነው እንጂ የግድ መሞላት ያለበት ኮታ አይደለም። እኛ ስምንት ሰዎች ለሁለት ሳምንት ሥራ 3 ሰዓት እንቀመጥ ነበር። ይህ 24 የሰው ሰዓት ይሆናል፤ ስምንታችን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሚኖረን 640 የሥራ ሰዓት 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስብሰባው ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው አብዛኛውን ጊዜ ባክሎጉ (ወደፊት የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝር) ሳይጣራ ስለሚመጣ ነው። ቲኬቱ «ሪፖርቱ ይስተካከል» የሚል ርእስ ብቻ ይዞ ከቀረበ፣ የትኛው ሪፖርት፣ ለማን፣ በምን መልክ የሚለው ጥያቄ ሁሉ የሚነሣው እዚያው ስብሰባ ላይ ነው፤ ስምንት ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ስልክ ሲደውል ይጠብቃል። በስፕሪንቱ መሐል ረቡዕ ረቡዕ አንድ ሰዓት ወስደን መጪዎቹን ሥራዎች መበተንና ጥያቄያቸውን ለባለቤቶቻቸው ማድረስ ከጀመርን በኋላ የዕቅዱ ስብሰባ ከ3 ሰዓት አልፎ አያውቅም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉ የከበደው ነውና በርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 በዩታ ግዛት ስኖውበርድ የተሰበሰቡ 17 ባለሙያዎች ያወጡትን የአጃይል (ሶፍትዌርን በአጭር በአጭር ዙር፣ ለለውጥ እየተመቹ የመሥራት አስተሳሰብ) መግለጫ ይጠቅሳሉ፤ መግለጫው ዕቅድን ከመከተል ይልቅ ለለውጥ ምላሽ መስጠትን ስለሚያስቀድም፣ ማቀድ ራሱ ከአጃይል መንፈስ ጋር ይጋጫል ይላሉ። የጠቀሱት ትክክል ነው፤ የተዉት ግን አለ። መግለጫው አራቱን ማነጻጸሪያዎች ከዘረዘረ በኋላ፣ በስተቀኝ የተቀመጡትም ዋጋ እንዳላቸው፣ በስተግራ ያሉት ግን ይበልጥ እንደሚከበሩ በግልጽ ይናገራል። ዕቅድ በስተቀኝ ካሉት አንዱ ነው፤ ከሌላው ያነሰ ተብሎ ተቀመጠ እንጂ ከነጭራሹ አልተወገዘም።

ከመግለጫው ቃል ይልቅ አሠራሩ የተሻለ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የስክረም መመሪያ የዕቅድ ስብሰባውን በሦስት ጥያቄዎች ይከፍለዋል፦ ይህ ስፕሪንት ለምን ይጠቅማል፣ ምን ሊሠራ ይችላል፣ የተመረጠውስ እንዴት ይሠራል። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የስፕሪንቱ ግብ ነው። ቡድኑ በስፕሪንቱ ውስጥ ግቡን የሚጎዳ ለውጥ አያደርግም፤ የሥራው ዝርዝር ግን አዲስ ነገር በታወቀ ቁጥር ከፕሮዳክት ኦውነሩ (ምን ቀድሞ መሠራት እንዳለበት ከሚወስነው የምርቱ ኃላፊ) ጋር እየተነጋገሩ የሚያጠብቡትና የሚያሰፉት ነው። እንግዲህ ዝርዝሩ መለወጡ የዕቅዱ ውድቀት ሊባል አይችልም፤ ዕቅዱ ከመጀመሪያው የተሠራው ዝርዝሩ እንዲለወጥ ተደርጎ ነውና።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። ደንበኛ ቅርንጫፍ ሳይሄድ በስልኩ የባንክ ሒሳብ የሚከፍትበትን መተግበሪያ ስንሠራ የአንዱ ስፕሪንት ግብ «አንድ ሰው በፋይዳ ቁጥሩ ማንነቱን አረጋግጦ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ሒሳብ ቁጥሩ ድረስ ያለ ሠራተኛ እርዳታ መድረስ ይችላል» የሚል ነበር። በግቡ ሥር 14 ቲኬቶች ነበሩ። በአራተኛው ቀን ማረጋገጫ ኮድ የሚልክልን የአጭር መልእክት አገልግሎት ሰጪ ውሉን ገና እንዳልፈረመ ተነገረን። ዕቅዳችን የቲኬት ዝርዝር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ቀን በጸሐፊው አባባል ዕቅዱ የሞተበት ቀን ይሆን ነበር። እኛ ግን ወደ ግቡ ተመለስን። ኮዱን በራሳችን የሙከራ ሰርቨር እንዲወጣ አደረግን፤ የደንበኛው ፎቶ አርትዖትና የሒሳብ መግለጫ ማውረጃ የተባሉትን ሦስት ቲኬቶች አወጣን፤ ሁለት ያላሰብናቸውን አስገባን። በስፕሪንቱ መጨረሻ በተደረገው ማሳያ ላይ አንዲት የቅርንጫፍ ሠራተኛ ስልኩን ተቀብላ በራሷ ቁጥር የሙከራ ሒሳብ ከፈተች። ከ14ቱ ቲኬቶች የተጠናቀቁት 11 ነበሩ፤ ግቡ ግን ተመትቷል። ግብ ያልተጻፈበት ቡድን በአራተኛው ቀን ምን መተው እንዳለበት በምን ይወስናል? ሁሉም ቲኬት እኩል ስለሚሆንበት እጁ የገባውን ይጨርሳል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ዕቅዱ አለንጋ ሆኗል የሚለው፣ እንደ ትዝብት እውነት ነው፤ እኔም ደርሶብኛል። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የየስፕሪንቱ የማጠናቀቂያ መቶኛ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር፤ ከ90 በታች የመጣ ቡድን መሪው ተጠርቶ ይጠየቃል። በሦስት ወር ውስጥ ሁላችንም ጨዋታውን ተማርነው። ከባድ ሥራ ለዕቅድ አይቀርብም፤ ቲኬት ይቆራረጣል፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያላለቀው ሥራ «ተጠናቀቀ» ተብሎ ይዘጋና ቀሪው በአዲስ ቁጥር ይከፈታል። መቶኛው 100 ሲደርስ ምርቱ እዚያው ቆሞ ነበር። (የዚያን ጊዜ ከተዘጉት ቲኬቶች መካከል ሁለት ጊዜ የዘጋሁት የራሴም አለ፤ አልኮራበትም።)

ነገር ግን ጸሐፊው ይህን የአለቆች ልማድ ለስፕሪንት ዕቅድ ማሸከማቸው ትክክል አይደለም። እንዲህ ያለው አነባበብ ገና ዱሮ ታይቶ ነበር፤ የስክረም መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሻሻል፣ ቡድኑ ለመረጠው ሥራ «ቃል ይገባል» የሚለው አነጋገር ወጥቶ «ይተነብያል» በሚለው የተተካው በዚሁ ምክንያት ነው። በ2020ው እትም ቃል ኪዳን የሚለው ሐሳብ ተመልሶ ቢመጣም የታሰረው ከግቡ ጋር ነው፤ ከቲኬቱ ብዛት ጋር አይደለም። የአየር ትንበያ ያነበበ ሰው ዝናቡ ሳይመጣ ቢቀር ትንበያውን ያነበበለትን አይቀጣም። የስፕሪንት ዝርዝር ዴቨሎፐሮቹ ራሳቸው ለራሳቸው የሚያዘጋጁት ነው፤ አለቃ የሠራተኛ መመዘኛ ካደረገው፣ መነሣት ያለበት ጥያቄ ያ አለቃ በምን ሥልጣን አደረገው የሚል ነው። ጸሐፊው ዕቅዱን ሰርዘው አለቃውን ግን አልነኩትም። እንዲህ ያለ አለቃ ካንባንም ቢመጣለት በሳምንት ስንት ካርድ እንደተዘጋ በግድግዳ ላይ መለጠፉን የሚተው አይመስለኝም።

አራተኛውን ነጥብ ያለ ቅሬታ እቀበላለሁ። ስቶሪ ፖይንት በቡድኖች መካከል የውድድር ቁጥር ሲሆን ትርጉም ያጣል፤ የአንዱ ቡድን 5 የሌላው 13 ሊሆን ይችላል። ነጥቦቹን ሳይፈለስፋቸው አልቀረም የሚባለው ሮን ጄፍሪስ እንኳ፣ እኔ ከሆንኩ የፈጠርኳቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ የሚል ሐሳብ ጽፏል። የ2020ው የስክረም መመሪያም ስቶሪ ፖይንት የሚል ቃል የለውም፤ ስለዚህ ነጥቡን የጠላ ቡድን ነጥቡን ትቶ ማቀዱን መቀጠል ይችላል። እኛም በመጨረሻ የቀጠልነው ትልልቁን ቲኬት ከሦስት ቀን ሥራ እንዳይበልጥ አድርጎ በመቁረጥና ያለፉት ስፕሪንቶች ስንት ቲኬት እንደጨረሱ በመቁጠር ብቻ ነበር።

ጸሐፊው በነጥቡ ምትክ ያመጡት ሐሳብ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ልምድ ያለው የቡድን መሪ እያንዳንዱን ሥራ በሰዓት ይገምት ይላሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 የገለጹት የዕቅድ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ያለፈው ሥራው እንደዘገየበት እያወቀ እንኳ የሚቀጥለው በጊዜው ያልቃል ብሎ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያዘጋጁ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ነበር፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ነው። ነገሮች ሁሉ እጅግ ቢበላሹ እንኳ በስንት ቀን ትጨርሳላችሁ ተብለው የሰጡት ግምት 49 ቀን አልሞላም። የራሱን ሥራ የሚሠራው ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ ሌላው ለሚሠራው ሥራ ሰዓት የሚቆርጠው መሪ የተሻለ የሚያውቅበትን ምክንያት ጸሐፊው አላቀረቡም።

አምስተኛው ነጥብ፣ በአገራችን ሁኔታ ለሁለት ሳምንት ማቀድ አይቻልም የሚለው፣ ብዙ ጭብጨባ ያገኘላቸው ይመስለኛል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ በዓል ይደራረባል፣ ከላይ ድንገተኛ ትእዛዝ ይወርዳል። ይህ ሁሉ አለ። ግን እርግጠኛ ያልሆነ ነገር መብዛቱ ወደ አለማቀድ ይወስዳል ወይስ አቅምን በጥንቃቄ ወደ መቁጠር? በዓላቱን እንይ። ገና ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) ነው፤ ጥምቀት ጥር 11። በመካከላቸው ያለው 12 ቀን ገደማ ስለሆነ አንድ የሁለት ሳምንት ስፕሪንት ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ሰባት ዴቨሎፐሮች በአሥር የሥራ ቀን 70 የሰው ቀን አላቸው። ሁለቱ በዓላት በሥራ ቀን ከዋሉ 14 ይቀነሳል፤ 56 ይቀራል። አንዱ ዓመት ፈቃድ ከወጣ ቀሪው 48 ነው። ባለፉት አምስት ስፕሪንቶች ያልታቀደ ሥራ አንድ አምስተኛውን እንደወሰደ ከመዝገባችሁ ካያችሁ፣ ለማቀድ የቀራችሁ 38 የሰው ቀን ብቻ ነው። 70 ነው ብሎ የገባ ቡድን ግማሽ ያህሉን ሳይሠራ ይወጣል፤ ከዚያም «በእኛ አገር አይታቀድም» ይላል። ዒድ አል ፈጥር ጨረቃ ታይታ የሚወሰን ስለሆነ ሊውልባቸው የሚችሉትን ሁለቱንም ቀን እንደ ዕረፍት መቁጠር ይሻላል፤ ጳጉሜን ደግሞ ስፕሪንቱን በወር ቀን ሳይሆን በሳምንት ቀን ለሚጀምር ቡድን ችግር አትሆንም። የመብራቱና የኔትወርኩ ነገር በዚያው አንድ አምስተኛ ውስጥ ይገባል።

ድንገተኛው ትእዛዝ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ በተለይ የመንግሥት በጀት ዓመት በሚዘጋበት በሰኔ ወር፣ ከሰኔ 30 በፊት ተሠርቶ መታየት አለበት የሚባል ነገር እንዴት እንደሚወርድ የሠራበት ያውቀዋል። ጸሐፊው ትእዛዙ ዕቅዱን ስለሚያፈርሰው ባይታቀድ ይሻላል ይላሉ። እኔ በተቃራኒው፣ ከላይ ለሚመጣ ትእዛዝ ዋጋውን ማሳየት የሚቻለው ዕቅድ ሲኖር ብቻ ነው እላለሁ። አንድ ጊዜ አንድ የሥራ ኃላፊ ቀጥታ ወደ አንዲት ዴቨሎፐር መጥተው አዲስ ሪፖርት አዘዙ። ፕሮዳክት ኦውነሯ የስፕሪንቱን ግብና ዝርዝር ይዛ ሄደችና «ጋሼ፣ ይሠራልዎታል፤ ግን ይህ ሲገባ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ይወጣል፤ የቱ ይውጣ?» አለቻቸው። ኃላፊው ዝርዝሩን አይተው ሪፖርቱ ለሚቀጥለው ስፕሪንት ይደር አሉ። ሌላ ጊዜ ሌላው ይውጣ ሊሉ ይችሉ ነበር፤ ያም መብታቸው ነው፤ ግቡ ራሱ ትርጉም ካጣ ደግሞ ፕሮዳክት ኦውነር ስፕሪንቱን መሰረዝ ትችላለች። ዕቅድ በሌለበት ቡድን ውስጥ ግን «የቱ ይውጣ?» ተብሎ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ትእዛዝ ሁሉ በነጻ ይገባል፤ ሒሳቡን የምትከፍለው ሌሊት የምትሠራዋ ልጅ ናት።

ካንባንን በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር የምለያየው በጥቂቱ ነው። ለድጋፍ ሰጪ ቡድን፣ ማለትም ሥራው ነገ ምን እንደሚሆን ዛሬ ለማይታወቅ፣ ካንባን ከስፕሪንት ይሻላል፤ እኛም የድጋፍ ክፍላችንን ወደዚያው አዛውረን ጠቅሞናል። ጸሐፊው ያስረዱት የሊትል ሕግም (የተከፈተው ሥራ ብዛት ሥራ በሚዘጋበት ፍጥነት ሲካፈል አንዱ ሥራ በአማካይ የሚፈጀውን ጊዜ ይሰጣል የሚለው) ትክክል ነው፤ በአንድ ጊዜ 12 ቲኬት ከፍቶ በሳምንት 6 የሚዘጋ ቡድን፣ አንዱ ቲኬት በአማካይ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ የተከፈተውን ወደ 6 ቢያወርድና የሚዘጋውን ፍጥነት ቢጠብቅ ወደ አንድ ሳምንት ይወርዳል። ግን በጅምር ያለውን ሥራ መገደብ በስፕሪንት ውስጥም የሚቻል ነው፤ በተጨማሪም የካንባን ቡድኖች ቀጥሎ ምን ወደ ሰሌዳው ይግባ የሚል የመሙያ ስብሰባ ያደርጋሉ። አዲስ ምርት የሚሠራ ቡድን ካርዶቹ ምንም ያህል በፍጥነት ቢፈስሱለት፣ እነዚህ ሁለት ሳምንታት ለምን ነገር ናቸው የሚለውን ጥያቄ በሆነ ቀን ተቀምጦ መመለስ ይኖርበታል።

ጸሐፊው ይህን ያወቁት ይመስለኛል፤ በጽሑፋቸው መጨረሻ በስፕሪንት ዕቅዱ ፋንታ በየሰኞው የቡድን መሪውና ፕሮዳክት ኦውነሩ ለግማሽ ሰዓት ተቀምጠው የሳምንቱን ሥራ መርጠው ለቡድኑ ያሳውቁ ብለዋልና። ይህ ማቀድ ነው፤ ከዕቅዱ የወጣው ቡድኑ ብቻ ነው። በአንድ የዕቅድ ስብሰባችን ላይ የቅርንጫፍ መለያ ቁጥርን ከሦስት አሃዝ ወደ አራት ማሳደግ የሚል ሥራ ቀርቦ፣ እኔና የቡድኑ መሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው ብለን ልናልፈው ነበር። ከተቀጠረ አራት ወር ያልሞላው የዳታቤዝ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ያ ሦስት አሃዝ በዕለት ሒሳብ መዝጊያው ፕሮግራም ውስጥ በሰባት ቦታ ተቆርጦ እንደሚነበብ፣ ቢነካ ሌሊቱን ሒሳቡ እንደማይዘጋ ነገረን። ባለፈው ሳምንት ሌላ ስሕተት ሲፈልግ ያየው ነገር ነበር። ሥራውን ለሦስት ከፍለን በሁለት ስፕሪንት ጨረስነው። ያ ልጅ ሰኞ በሚደረገው የግማሽ ሰዓት ስብሰባ ላይ አይጠራም።